ጫማውስ እሺ፤ ሄልሜቱ ጋቢና ውስጥ ምን ይሠራል?

ይህን የውይይት ክር መድረካችን ላይ ከከፈትኩ አምስት ቀኑ ነው። መልሱ አርባን አልፏል። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ከላይ ምን እንደተባለ በየሰዓቱ ይጠይቁኛል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄዬን እዚሁ አስቀምጬ፣ መልሶቹን በየቁጥራቸው ላውጋችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። ስድቡን ዘልዬዋለሁ። እሱን የፈለገ ራሱ ወርዶ ያንብብ።

ጥያቄዬ

ያለፈው ማክሰኞ ነው። ከጅቡቲ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ጭኜ ገላን አካባቢ አንድ መጋዘን በር ላይ የደረስኩት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር። ወረፋዬ ሰባተኛ ነው። ረዳቴ አልጋው ላይ ተዘርሯል። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ያነሳኛል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተራዬ ደረሰና ወደ በሩ ተጠጋሁ። ጥበቃው ወረቀት አልጠየቀኝም። ጭነቱንም ዞሮ አላየም። የጋቢናዬን በር አስከፍቶ ዓይኑን የጣለው እግሬ ላይ ነው። እንግዲህ ከአፋር እንደመጣሁ ነኝ፤ ሽርጥ አገልድሜ፣ ሸበጥ አድርጌ።

በሽርጥ ግቢ አይገባም፤ እሺ፣ ይህን አውቃለሁ። ሱሪዬን አጠለቅኩ። ብርቱካናማ ሰደርያዬን ከወንበር ጀርባ ጎትቼ አወጣሁ። አይሆንም ተባልኩ። እዚያ ቤት ብርቱካናማ የሚለብሰው የቤቱ ሠራተኛ ነው፤ ሹፌር ቢጫ ነው። ቃሊቲ ያለ አንድ ሌላ መጋዘን ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ቢጫ ለብሰህ ከመጣህ ይመልሱሃል። በተጨማሪ ሄልሜትና አፍንጫው ብረት የሆነ ሴፍቲ ጫማ ያስፈልጋል።

ከበሩ ማዶ አንድ ልጅ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ እነዚህን ያከራያል። ሰደርያው፣ ሄልሜቱ፣ ጫማው በመልክ በመልኩ ተደርድሯል። ሰደርያና ሄልሜት ወዲያው አገኘሁ። ጫማ ግን እኔ 42 ነኝ፤ የቀረው 45 ነው። ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ አደረግኩት። ውስጡ እርጥብ ነው። ከኔ በፊት ያደረገው ሰው ላብ ገና አልደረቀም።

እንዲህ ሆኜ ነው ተሳቢውን ወደ ኋላ ያስገባሁት። ሶሉ ወፍራም ስለሆነ ፍሪሲዮን መርገጤን እንጂ ምን ያህል እንደረገጥኩ እግሬ አይነግረኝም። ሄልሜቱን መስኮት ተዘግቶም ቢሆን ጋቢና ውስጥ ማውለቅ ክልክል ነው። የወንበሩ ራስ መደገፊያ ከኋላ ይገፋዋል፤ አንገቴ አጎንብሶ ይቀራል። ወደ ኋላ ለማየት ጭንቅላቴን በመስኮት ሳወጣ ጠርዙ ይመታውና ዓይኔ ላይ ይደፋል። ረዳቴ ከኋላ ቆሞ በእጁ ሲመራኝ ያየሁት በግማሽ ዓይን ነው።

ግቢው ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የእግረኛ መስመር የሚባል አልተሰመረም። ፎርክሊፍቱ፣ ያ ጭነት የሚያነሳው መኪና፣ ወደ ኋላ ሲመጣ ጩኸት የለውም፤ መምጣቱን የምታውቀው ጀርባህ ላይ ሲደርስ ነው። ጫኝና አውራጆቹ በሸበጥ ናቸው። አንዱማ በባዶ እግሩ ነው። እነሱን የጠየቀ የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅ። ይህ ልብስ ማንን ከምን ነው የሚጠብቀው? ወጪውስ የማነው?

መልሶቹ

ከቁጥር 1 እስከ 4 ያሉት ከኔ ወገን ናቸው። ቁጥር 1 ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ለቤተሰቤ ጤና ተመኝቶ፣ ለበር ብቻ የሚሆን ሻንጣ እንዳለው ነገረኝ። ሦስት ቀለም ሰደርያ፣ ሁለት ሄልሜት። ሚስቱ የሰርግ ሻንጣ ትለዋለች አሉ። ቁጥር 2 የሚሠራው በሰበታ በኩል ነው፤ እዚያ ደግሞ እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ ካልለበሱ አይገባም። ቁጥር 3 ሙድ ያዘብኝ። 40 ጫማ ጭኖ የመጣ ሰው እንዴት አንድ ጫማ ያጣል ብሎ ነው የጠየቀው። ክሩ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተወደደው መልስ ይኸው ሆነ። እኔም ስቄያለሁ። ቁጥር 4 አውራ ጣት ብቻ ልኮ ሄደ።

ቁጥር 5 ላይ ነገሩ ቁም ነገር ያዘ። ጸሐፊው ሽማግሌ ናቸው። በድሮው የጭነት መኪና፣ በኤንትሬ ፊያት፣ ረዳትነት ጀምረው አሰብ መንገድ ላይ ነው ያደጉት። በ1990 ጦርነቱ መጥቶ መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ እስኪያዞር ድረስ አሰብን እንደ ሰፈራቸው ያውቁት ነበር። ያኔ ስለ ጫማ የሚጠይቅ አልነበረም። እሳቸው ሴፍቲ ጫማ የጀመሩት ማንም ሳያስገድዳቸው ነው። ምክንያቱ አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ ረዳት ነው። ሚሌ አካባቢ ትርፍ ጎማ ሲያወርዱ ሰንሰለቱ አመለጠ። ጎማው ከነቸርኬው የልጁ እግር ላይ አረፈ። ልጁ በሸበጥ ነበር። ሁለት ጣቱን እዚያው አጣ። ልጄ ብለው ጀምረው፣ ሳይቆጡ አረሙኝ። ስነዳ ስስ ጫማ ላድርግ፤ ስወርድ ሴፍቲውን ልቀይር፤ ሴፍቲው ሁልጊዜ ከወንበሬ ሥር ይኑር። እሺ ጋሼ ብያቸዋለሁ። ይህን ያህል ዓመት መኪና ላይ ኖሬ ይህን ከሰው መስማቴ ትንሽ አሳፍሮኛል።

ቁጥር 6 የቦቴ ሹፌር ነው። የነዳጅ ዲፖ ሕግ ከናንተም የባሰ ነው፤ ግን እዚያ ማንም አያጉረመርምም አለ። ለምን ቢባል፣ ምክንያቱን ነግረውታል። ናይለንና ፖሊስተር ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ይቋጥራል። በደረቅ ቀን ሹራብ ስታወልቅ ፀጉርህ ላይ የሚንጣጣው እሱ ነው። የቤንዚን ተን ባለበት ያቺ ትንሽ ብልጭታ ትበቃለች። ስለዚህ ጥጥ ቱታ ይለብሳል። ከመሙላቱ በፊት መኪናውን ከመሬት ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ ያስራል። ዲፖው ውስጥ ምንም ሞቀው ምን ልብስ አያወልቅም። የመጀመሪያ ቀን አንድ ኃላፊ ግማሽ ሰዓት ወስዶ እያሳየ አስረዳው፤ ከዚያ በኋላ ጥበቃ አላስፈለገውም።

ቁጥር 7 ይህን ለማጣጣል ሞከረ። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይያዝም፣ አታካብዱ ዓይነት ነገር። ቁጥር 6 ተመልሶ ልክ አስገባው። ዛሬ ናፍጣ የሚሞላው ቦቴ ትናንት ቤንዚን ጭኖ ከነበረ ተኑ አሁንም ሆዱ ውስጥ ነው። ቁጥር 7 ከዚያ ወዲያ አልታየም።

ቁጥር 8 በክሩ ውስጥ ረጅሙ መልስ ነው። የጻፈችው በአቃቂ በኩል አንድ ግቢ ውስጥ የሴፍቲ ባለሙያ የሆነች እህት ናት። አጀማመሯ ጨዋ ነው፤ መጀመሪያ እኔ ትክክል የሆንኩበትን ነገረችኝ። ሄልሜት የተሠራው ከላይ ለሚወድቅ ነገር ነው። ጣሪያው ብረት የሆነ ጋቢና ውስጥ መስኮት ዘግቶ ለተቀመጠ ሰው የሚሠራው ሥራ የለም። እይታ ከጋረደ ደግሞ ራሱ አደጋ ነው። ታዲያ ለምን ያስገድዳሉ? ለቁጥጥር ስለሚቀል ነው ብላ እቅጩን ተናገረች። ሹፌሩ መቼ ወረደ፣ መቼ ወጣ ብሎ ከመከታተል ከበር እስከ በር አታውልቅ ማለት ይቀላል።

ቀጥላ በሙያው ትምህርት ልብስ የመጨረሻው መከላከያ መሆኑን አስረዳች። መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ ነው። ካልተቻለ በሌላ መተካት። ካልሆነ መለየት፤ ሰውና ፎርክሊፍት የሚሄዱበትን መንገድ ማራቅ፣ አጥር ማድረግ፣ የሚጮህ ነገር መግጠም። ከዚያ የአሠራር ሥርዓትና ሥልጠና። ልብስ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢያመልጥ እንኳ ጉዳቱን እንዲቀንስ። ብዙ ግቢ ግን ከመጨረሻው ይጀምራል፤ እዚያው ይጨርሳል። ሰደርያ ከአጥር ይረክሳላ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ አይደል?

ከዚያ ዞራ እኔን ያዘችኝ። ሹፌር ከጋቢና የሚወርደው አደጋው በጣም በሚከፋበት ሰዓት ነው። ኮንቴይነር ሲከፈት አስቡት። ቀድሞ የሚከፈተው የቀኙ በር ነው፤ ግራውን ደርቦ የያዘው እሱ ነውና። ጭነቱ መንገድ ላይ ተንሸራቶ በሩን ተደግፎ ከሆነ እጀታው እንደላላ በሩን ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ ሄልሜቱም ጫማውም ሥራ አላቸው። የሴፍቲ ጫማ አፍንጫ የሚፈተነው በ200 ጁል ምት ነው፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ነገር ከአንድ ሜትር ከፍታ ቢወድቅበት እንደማለት ነው። ጎማ ከነቸርኬው ከዚያ ይበልጣል፤ ቢሆንም በጫማ መመታት በሸበጥ እንደመመታት አይሆንም ብላ ቁጥር 5ን ጠቀሰች። ሰደርያው ደግሞ ለኔ አይደለም፤ ለፎርክሊፍት ነጂው ዓይን ነው። እሱ ከፊቱ ጭነት ከምሮ በጎን እያጮለቀ ነው የሚነዳው።

እኔ ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁሉም ግን እንደኔ አልወደደውም።

ከ9 እስከ 13 ጠብ ነው። ቁጥር 9 ደመወዝሽን የሚከፍልሽ ማነው ብሎ ጀመረ። ሴፍቲዎች ቢሮ ቁጭ ብለው ማኪያቶ እየጠጡ ሕግ ይጽፋሉ የሚል ነው ነገሩ። ቁጥር 10 ያንን ደግፎ ሴት ስለመሆኗ ነገር ጨመረ፤ እሱ ተሰርዟል፣ ጥሩ ተደረገ። ቁጥር 11 የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው፤ አንድ ጊዜ አስጠንቅቋል። ቁጥር 12 ራሷ ናት። አልተሳደበችም። ክረምት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ መረሬው ላይ ቆማ የምትውለው እሷ መሆኗን፣ ጭቃው ቦቲዋን ከእግሯ አውልቆ እንደሚያስቀር፣ ባለፈው ዓመት ፎርክሊፍቱ ላይ ጩኸት እንዲገጠም አራት ጊዜ ጽፋ አንድ ጊዜ እንኳ መልስ እንዳላገኘች ነገረችው። የአቃቂን መረሬ በክረምት የረገጠ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ቁጥር 13 ተዉ እባካችሁ የሚል ሰው ነው፤ ሁልጊዜ አንድ አይጠፋም።

ከዚያ ሕግ መጣ። ቁጥር 14 አዋጅ 377ን ጠቅሶ አሠሪ ልብስ የማቅረብ ግዴታ አለበት አለ። ቁጥር 15 ያ አዋጅ ከተሻረ ቆየ ብሎ አረመው። አሁን የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ ለሠራተኛው እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያዛል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን በአግባቡ እንዲጠቀም ያስገድዳል። ሁለቱን አብራችሁ አንብቡ፤ ሹፌር የመጀመሪያውን ብቻ፣ ባለንብረት የሁለተኛውን ብቻ ነው የሚያውቀው ብሎ ሁላችንንም ወጋ አደረገን።

ቁጥር 16 የራሱን መኪና የሚነዳ ነው። የኔ አሠሪ እኔው ነኝ፤ ራሴን ልክሰስ ወይ ብሎ ጠየቀ። ቀልድ ቢመስልም እውነት አለው። መጋዘኑ የሹፌሩ አሠሪ አይደለም። የኔ አሠሪ የመኪናው ባለቤት ነው፤ እሱ ደግሞ የመጋዘኑን በር አይቶት አያውቅም። ትእዛዙ ከአንዱ፣ ግዴታው ሌላው ላይ፣ ኪራዩ ከኔ ኪስ።

ቁጥር 17 ባለንብረት ነው፤ ተቆጥቶ ነው የገባው። በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ጫማ ገዝቶ ሰጥቷል። አንዱ ሎግያ ቀረ ተባለ። ሌላው የሹፌሩ ወንድም እግር ላይ ተገኘ። ሦስተኛውን ከደመወዙ እቆርጣለሁ አለ። ቁጥር 18 እንግዲያስ ጎማ ሲፈነዳም ከኛ ቁረጡ ብሎ ጮኸበት፤ ሌላም ሌላም ብሏል። ቁጥር 15 ተመልሶ ገላገላቸው። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ ከደመወዝ አይቆረጥም። ቢቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ውሌ በቃል ነው የምትሉ ደግሞ አትፍሩ፤ ወረቀት አለመኖሩ መብታችሁን አያጠፋም ብሏል። የኔ ባለንብረት ይህን መድረክ ያነብ እንደሆነ ሰላምታዬ ይድረሰው።

ከ19 እስከ 24 ከመንገድ ወጥተናል። ቁጥር 19 ስለ ሙቀት ጀመረ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ቃሊቲ ተነስቶ ባሕር ዳርቻ የሚወርድ ሰው አንድ ልብስ እንዴት ይበቃዋል? ጠዋት እዚህ ጃኬት ደርበህ ትነሳለህ፤ ሎግያ ስትደርስ በሙቀቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ የፕላስቲክ ሰደርያው ጀርባህ ላይ ይጣበቃል። ሽርጡ የመጣው በጥጋብ አይደለም። ቁጥር 20 ተስማማ፤ ግን መንገድ ላይ ሸበጥ ፔዳል ሥር ሲገባ አይቷልና ቢያንስ ሰንደል አድርጉ ብሏል። ቁጥር 21 ዱከም ላይ ጥሬ ሥጋ የት ይሻላል ብሎ ጠየቀ። የት ገባህ የሚለው የለም፤ ሦስት ሰው መለሰለት፣ ሦስቱም የተለያየ ቤት ጠቆሙ። ቁጥር 24 ደግሞ 315/80 የሚባለውን ጎማ የሚሸጥ ካለ በውስጥ ያናግረኝ አለ። እኔም ልጠይቅ ያሰብኩት ነበር።

ቁጥር 25 ጫኝና አውራጅ ነው።

ይህን መልስ ማሳጠር አልፈልግም። ቃሉን ግን አልገለብጥም ብያለሁና በራሴ አፍ ልንገራችሁ። የሚሠራው እንደኔ ዓይነት መኪና በሚያራግፍ ቡድን ውስጥ ነው። ክፍያቸው በጭነት ልክ ነው፤ ጭነት ከሌለ የለም። እሱ የሚሸከመው ሲሚንቶ ነው፤ አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ። ሄልሜቱ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። አንዱን የከረጢት ጥግ ወደ ሌላው አስገብቶ እንደ ቆብ ይደፋዋል፤ ቀሪው አንገቱንና ጀርባውን ይሸፍንለታል። ሲሚንቶ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ይበላል። አንገቱ ላይ ያለውን ቁስል ሚስቱ በቅቤ ታሸዋለች። ሰደርያማ አለ፤ እንግዳ በሚመጣ ቀን ጠዋት ይታደላል፤ እንግዳው ሲሄድ ተቆጥሮ ይመለሳል። አንድ ጊዜ አንድ ጎድሎ ሁሉም ኪስ ተፈተሸ። እና አንተ ለአንድ ሰዓት በተከራየኸው ጫማ ይህን ያህል ትጽፋለህ ብሎ ጠየቀኝ። ባዶ እግሩን ነበር ያልከው ሰው፣ ጫማውን ያወለቀው ለምን እንደሆነ ጠይቀኸዋል ወይ? ሸበጥ በመወጣጫ እንጨት ላይ ከጭነት ጋር ያንሸራትታል። በባዶ እግር ይሻላል።

ለስድስት ሰዓት ማንም አልመለሰም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ያን ቀን ግን የነቀዘ መሰለኝ። እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ አልጠየቅኩትም ብዬ ብቻ መለስኩለት፤ እውነቱ እሱ ስለሆነ። ያንን ሰው ጽሑፌ ውስጥ ያስገባሁት ለራሴ ክርክር ማድመቂያ ነበር።

ቁጥር 26 አይዞህ የሚል ነው። ቁጥር 27 ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቁጥር 9፣ ያ ማኪያቶ ያለው። ወንድሙ ሲሚንቶ አራጋፊ ነው። ለአንገቱ ምን ይሻለዋል ብሎ ቁጥር 8ን ጠየቀ። ይቅርታ አላለም። እሷም አላስታወሰችውም። እዚያው ሥራ ላይ እያለ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ሲሚንቶ የነካውን ልብስ ለብሶ አይዋል፤ ቅቤው ይቅርና ቁስሉን ጤና ጣቢያ ያሳይ ብላ ዘርዝራ መለሰችለት። ለቁጥር 25ም ይኸው ነው ብላ ጨመረች።

ቁጥር 28 መርካቶ ሰደርያ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሸቀጡን ሊሸጥልን ነው ብዬ ነበር፤ ይልቅ ጠቃሚ ነገር አስተማረን። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ላይ ያለው ብርማ ጥብጣብ በደቃቅ የመስታወት ዶቃ የተሞላ ነው፤ የመጣበትን ብርሃን ወደመጣበት መልሶ ይልካል። ሌላው ብርማ ቀለም የተቀባ ጨርቅ ነው። ቀን ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። መለየት ከፈለጋችሁ መብራት አጥፉ፤ የስልካችሁን ባትሪ ከዓይናችሁ ጎን አስጠግታችሁ አብሩበት። እውነተኛው እንደ ድመት ዓይን ይነድዳል። ውሸቱ አመድ እንደመሰለ ይቀራል። አይ ኤስ ኦ 20471 የሚል ምልክት ያለበት ሲሆን ደግሞ ስንት ጊዜ ሊታጠብ እንደሚችል ውስጡ ላይ ተጽፏል።

ቁጥር 29 ቢጫው ቀለም ራሱ ያበራል፣ ጥብጣቡ ለውበት ነው ብሎ ተከራከረ። ቁጥር 8 አረመችው። ደማቁ ቢጫና ብርቱካን ጎልቶ የሚታየው የቀን ብርሃን እስካለ ነው፤ ንጋትና ምሽት ላይም ይረዳል። ሌሊት ግን ቀለሙ ይሞታል። ያን ጊዜ የሚያድንህ ጥብጣቡ ብቻ ነው።

ቁጥር 30 የኔው ነው። ሐሙስ ማታ ቱሉ ዲምቱ ላይ ቆመን ስናድር ሞከርኩት። ረዳቴን የራሴን ብርቱካናማ አስለብሼ ከመኪናው ኋላ ሃምሳ እርምጃ አስኬድኩት። ሁለት ዓመት ለብሼዋለሁ፤ ቅባት ሲነካው በናፍጣ እጠርገዋለሁ፤ ሲብስ በኦሞ። ስልኬን ከጆሮ ግንዴ ጎን ይዤ አበራሁ። ምንም የለም። ዙር አልኩት። ዞረ። አሁንም የለም። እጅህን አንሳ ስለው ብብቱ ሥር አንዲት ስንዝር የምታህል ጭረት ቦግ አለች። የቀረው ሁሉ ተፍቆ አልቋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየበሩ ያለፍኩት በዚች ነው። የትኛውም ጥበቃ በባትሪ አይቶት አያውቅም። ቀለሙን ነው የሚያዩት።

ቁጥር 31 ይህን አንብቦ የራሱን አወጋ። ከመተሐራ ወዲያ ሌሊት ተሳቢው ጎማ ፈነዳበት። እንደ ሁላችንም ከኋላ ድንጋይ ደረደረ፣ ቅጠል ጣለ። ክሪኩን አስገብቶ ተንበርክኮ እያለ አንድ ሲኖ ድንጋዩን እየበተነ በአጠገቡ አለፈ። ንፋሱ ኮፍያውን ወሰደው። ሰደርያው ጋቢና ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፤ ለበር ነዋ የያዘው። ቁጥር 32 ሦስት ማዕዘኑ የት ሄደ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 33 ተቆጥቷል። ጎማውን ቀይራችሁ ስትሄዱ ያንን ድንጋይ ለማን ነው የምትተዉት? የእህቱ ልጅ በባጃጅ ሲሄድ የወጣው እንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ ነው። ቁጥር 31 አንስቻለሁ አለ። ቁጥር 33 አላመነውም። እዚህ ላይ አስተዳዳሪው ሁለተኛ ጊዜ ገብቷል።

ከ34 እስከ 38 መፍትሔ የሚያመጡ ሰዎች ናቸው። የቃሊቲና የገላን መጋዘኖች በአንድ ቀለም ይስማሙ የሚል አለ። በሩ ላይ ንጹሕ ጫማ በየቁጥሩ ያስቀምጡ የሚል አለ። ቁጥር 36 በዚህ ከት ብሎ ስቋል፤ ሽንት ቤት የሌለው ግቢ ጫማ ሊያስቀምጥልህ ነው ወይ ብሎ። እኔ የተስማማሁት ከቁጥር 38 ጋር ነው። መጋዘኑ ልብስ ካዘዘ፣ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይልበስ፤ አውራጁም፣ ጥበቃውም፣ ሥራ አስኪያጁም። ገዝቶ የሚያለብሰውም አዛዡ ይሁን። ያን ጊዜ እኔ አልከራከርም።

ቁጥር 39 ጥበቃ ነው። የኔው ይሁን ሌላ አላውቅም። ያለ ጫማ ያሳለፈ ጥበቃ ይቀጣል፤ ለምን እንደሚጠይቅ ግን ማንም አልነገረውም። ለራሱ የተሰጠው ካፖርት ብቻ ነው። ቁጥር 40 ጎማውን አገኘህ ወይ ብሎ ቁጥር 24ን ጠየቀ።

የመጨረሻው፣ ቁጥር 41፣ ዛሬ ጠዋት የገባ ነው። የበሩ ላይ አከራይ ልጅ። ስሜን አያውቅም፤ ታሪኩን አንብቦ ግን ለይቶኛል። ሁሉም የሚፈልገው 42 ቁጥር መሆኑን፣ እሱ ግን ያለው አንድ 42 ብቻ እንደሆነ፣ እርጥብ የሆነውም ማድረቂያ ፀሐይ ስላጣ እንጂ ንጽሕና ጠልቶ እንዳልሆነ አስረዳ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። ማክሰኞ ሰደርያውና ሄልሜቱ በረዳቴ እጅ ተመልሰውለታል። 45 ቁጥሩ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ እግረ ትልቅ ሹፌር በመጣ ቁጥር ሥራ እያመለጠው ነው።

መጋዘኑ መውጫው በሌላ በር ነው፤ እንቅልፍም ነበረብኝ። ጫማው አሁንም ቁጥር 5 ባሉት ቦታ ነው፤ ከወንበሬ ሥር። ነገ ጠዋት አመጣለሁ ብዬ ጻፍኩለት። ኪራዩ በቀን እንደሆነ አስታውሶኛል።